ሻጭ ያልተጠየቀውን ነውር ሊናገር ይገባዋልን?

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ እርሱ ሥውሩንም ግልጹንም ዐዋቂ፥ በሰዎች መካከል ሚዛንን ለፍትሕ ያቆመ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ወንድሜ ሆይ! ብዙ ሰው ሃይማኖቱ የሚፈተነው በመስጊድ ውስጥ ይመስለዋል። ነገር ግን በሰላት ረድፍ ላይ የቆመ ሰው በዚያች ሰዓት ወንድሙን የሚያታልልበት ምንም ነገር በእጁ የለም። ፈተናው የሚጸናው ዕቃውን ይዞ ከገዢ ፊት በቆመ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ እርሱ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅምና። በዚህች ጽሑፍ የምመረምረው ይህን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሐሰት ያልተናገረ፥ ነገር ግን ዝም ያለ ሻጭ በደለኛ ነውን? የሚል ነው።

ለዚህ ምክንያት የኾነኝ አንድ ወጣት ነው። አንድ ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ቀርቦ፥ «ሸኽ፥ የምጠይቅዎት ነገር አለኝ» አለኝ። ከእርሱም የሰማሁት እንዲህ ነው። ይህ ወጣት አንድ ኮምፒዩተር አለው፤ ከፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ ሳይኾን ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ክፍል በክፍል እየገዛ የገጣጠመው ነው። ማዘርቦርዱን ከአንዱ፥ ፕሮሰሰሩን ከሌላው፥ ግራፊክስ ካርዱንም አገልግሎ የቆየውን ከሦስተኛ ሰው ገዛ። አሁን ግን ከባድ ሥራ በተሠራበት ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በድንገት ይጠፋል፤ መልሰው ባስነሡት ጊዜ ደኅና ይመስላል።

«ገዢ አግኝቻለሁ» አለኝ። «ነገ መጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል አይቶ ገንዘቡን ይሰጠኛል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ደግሞ አይጠፋም። ገንዘቡ ለእናቴ ሕክምና የሚኾን ነው። ቢጠይቀኝ አልዋሽም። ነገር ግን ካልጠየቀኝ የመናገር ግዴታ አለብኝን?»

እኔም በዚያች ሰዓት ቶሎ አልመለስሁለትም። ምክንያቱም ጥያቄው የአንድ ሌባ ጥያቄ አልነበረም፤ እናቱን የሚወድ፥ ሐሰትንም የሚፈራ ሰው ጥያቄ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በችኮላ «ሐራም ነው» ተብሎ ብቻ ሊሰናበት አይገባውም፤ የነገሩ ሥር ሊገለጥለት ይገባል እንጂ።

በመጀመሪያ የተሸጠው ነገር ምን ዓይነት ዕቃ እንደ ኾነ ዕወቅ። ሰው በፋብሪካ የተሠራና ስም ያለው ኮምፒዩተር ቢገዛ፥ ገዢው ከሻጩ ቃል ሌላ ምስክር አለው፤ የሠሪው ስም፥ የዕቃው ቍጥር፥ በቁጥሩም የሚታወቅ የውስጥ ዝርዝር አለው። ገጣጣሚ እጅ የሠራው ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ፋብሪካ አለው፤ ሁሉንም በአንድ ሣጥን ውስጥ አስማምቶ ላቆመው ግን ያ አንድ ሰው ብቻ ኀላፊ ነው። የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሰጠው ፓወር ሳፕላይ ለግራፊክስ ካርዱ ይበቃ እንደ ኾነ፥ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ማጣበቂያ ደርቆ እንደ ኾነ፥ የቱ ክፍል አዲስ፥ የቱ አሮጌ እንደ ኾነ የሚያውቀው እርሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ሽያጭ ሠሪውም ሻጩም ምስክሩም አንድ ሰው ኾነዋል። ምስክር ደግሞ የሚያውቀውን ደብቆ፥ «አልተጠየቅሁም» ቢል ምስክርነቱ ምን ይረባል?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከእስልምና መምጣት አስቀድሞ የነበሩ ፈላስፎችም ተከራክረውበታል። የሮማው ጸሓፊ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ ነገር ተነሥቷል። ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሃብ ወደ ነበረባት ወደ ሮድስ ደሴት መጣ፤ ሌሎች የእህል መርከቦችም ከኋላው በመንገድ ላይ እንዳሉ ያውቃል። ይህን ለሕዝቡ ይናገርን? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን፥ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ነውር ከተናገረና ካላጭበረበረ የቀረውን ዝም ማለት ይችላል አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን፥ ሻጭ የሚያውቀውን ለገዢው ምንም ሊሸሽገው አይገባም ብሎ ተከራከረ። እነሆ፥ የእኛ ወጣት ሳያውቀው ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት በተጀመረ ክርክር ውስጥ ገብቶ ዲዮጋንን ተከትሏል።

እኔ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ እላለሁ። የመርከቦቹ ነገር ከእህሉ ውጭ ያለ ወሬ ነው፤ እህሉ ግን ደኅና እህል ነው። የኮምፒዩተሩ ነገር እንዲህ አይደለም፤ ነውሩ በራሱ በዕቃው ውስጥ ነው። ስለ ገበያው ዝም ያለ ሰው ላይ ብትከራከር ትችል ይኾናል፤ የዕቃውን ነውር የደበቀ ሰው ግን የሸጠው ያልነበረውን ነገር ነው። ገዢው ገንዘቡን የከፈለው ሳይቋረጥ ለሚሠራ ኮምፒዩተር ነው፤ የተሰጠው ግን አንድ ሰዓት ለሚሠራ ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ከዋጋው ላይ አንድ ክፍል ያለ ምትክ ተወስዷል። ያለ ምትክና ያለ ፈቃድ የተወሰደ ገንዘብ ስሙ ምን እንደ ኾነ አንተው ታውቃለህ።

የፊቅህ ሊቃውንትም ነውር የሚሉት በነጋዴዎች ልማድ ዋጋውን የሚያጎድለውን ወይም ዕቃው የሚፈለግበትን ጥቅም የሚያሰናክለውን ነገር ነው። ገዢው ሳያውቀው የቆየ እንዲህ ያለ ነውር በኋላ ቢገለጥ፥ ገዢው ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው አራቱም መዝሀቦች ይስማማሉ። እንግዲህ አስብ፤ ዝምታ ሽያጩን የሚያጸናው ቢኾን ኖሮ ይህ የመመለስ መብት ባልኖረም ነበር።

ከዚህም የበለጠ ለጉዳያችን የቀረበ ምሳሌ አለ። በጥንቱ የከብት ገበያ አንዳንድ ሰዎች ላሚቱን ወይም በጊቱን ሳያልቡ ቀናት ያቈዩአት ነበር፤ ጡቷም ተወጥሮ በገበያ ቀን ብዙ ወተት የምትሰጥ ትመስል ነበር። ነቢያችን (የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ይህን ከልክለዋል፤ ለተታለለውም ገዢ የመመለስን ምርጫ ሰጥተዋል። አስተውል! ሻጩ በአፉ አንዲት ሐሰት አልተናገረም። ዋሽታ የቀረበችው ጡቷ ናት። ኮምፒዩተሩን ሌሊቱን አሳርፎ፥ አቀዝቅዞ፥ በማለዳ ለሩብ ሰዓት ብቻ አስነሥቶ ማሳየትም እንዲሁ ነው። ገዢው የሚያየው የዕረፍቱን ውጤት ነው፤ የሚገዛው ግን የሥራውን ቀን ነው። ስለዚህ «አልዋሸሁም» የሚል ሰው ምላሱን ብቻ መመርመሩ አይበቃውም፤ ሰዓቱን የመረጠበትንም ምክንያት ይመርምር።

ወንድሜ ሆይ! ምናልባት እንዲህ ትለኝ ይኾናል፤ «በገበያ ልማድ ‹ያለ ዋስትና፥ እንዳለ› ተብሎ ይሸጣል፤ ገዢው ይህን ከተቀበለ ምን ዕዳ አለብኝ?» እኔም እልሃለሁ፤ ከነውር ነጻ ነኝ ብሎ ስለ መሸጥ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል፤ ከእነርሱም በሰፊው የፈቀዱ አሉ፥ ያጠበቡም አሉ። ነገር ግን የማያውቁትን ነውር ዋስ አልኾንም ማለት አንድ ነገር ነው፤ የሚያውቁትን ነውር በዚህ ቃል መሸፈን ሌላ ነገር ነው። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ መጽሐፋቸው የዘገቡት ታሪክ ይህን ይገልጣል። የዑመር ልጅ ዐብዱላህ አንድ አገልጋይ ከነውር ነጻ ነኝ በሚል ውል በ800 ድርሃም ሸጡ። ገዢው ነውር አገኘሁበት ብሎ ወደ ዑስማን ዘንድ ከሰሳቸው። ዑስማንም፥ ነውሩን ሳያውቁ እንደ ሸጡ ይማሉ ብለው ፈረዱ። ዐብዱላህ ግን መማልን እምቢ ብለው መልሰው ተቀበሉት፤ በኋላም በ1500 ሸጡት። ከዚህ የምንማረው ፍርዱ ያረፈበትን ቦታ ነው። የተጠየቀው «ምን ብለህ ሸጥህ?» የሚለው አልነበረም፤ «ምን ታውቅ ነበር?» የሚለው ነበር እንጂ። በፍርድ ቀን የምንጠየቀውም እንዲሁ ነው።

ሌላው ሰው ደግሞ፥ «ገዢ ዐይኑን ይክፈት፤ ካላወቀ ዐዋቂ ይዞ ይምጣ» ይላል። እውነት ነው፤ ገዢ መጠንቀቅ ይገባዋል። ነገር ግን የገዢው ጥንቃቄ ማነስ ለሻጩ ማታለል ፈቃድ አይኾንም፤ በሩን ሳይዘጋ የተኛ ሰው ሞኝ ሊባል ይችላል፥ የገባበት ግን ሌባ መባሉ አይቀርም። ደግሞም ይህ ልማድ ገበያውን ራሱን ያጠፋዋል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጥናት ይህን አስረድቷል፤ በ2001 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ነገሩም እንዲህ ነው። ገዢው ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው አማካይ ዋጋ ነው። ደኅና ዕቃ ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ ብልሹው ይቀራል፤ ዋጋውም ደግሞ ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ሻጭ ነውርን ሲደብቅ የሚጎዳው የዛሬውን ገዢ ብቻ አይደለም፤ ነገ እውነተኛ ዕቃ ይዞ የሚመጣውን፥ ማንም የማያምነውን ምስኪን ሻጭ ጭምር ነው።

ይህም በዘመናችን በዐይናችን ፊት ታይቷል። ኢቴሪየም የሚባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ ይመረት የነበረው ግራፊክስ ካርዶችን ቀንና ሌሊት በማሠራት ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ዓ.ም. ግን ይህ አሠራር ስለ ተለወጠ እነዚያ ካርዶች ለዚያ ሥራ የማያስፈልጉ ኾኑ፤ ብዙዎቹም ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ፈሰሱ። ከእነርሱ ውስጥ በደንብ ተይዘው ደኅና የነበሩ አሉ፤ ማራገቢያቸው የደከመ፥ በሙቀት የተጎዱም አሉ። በመልክ ግን አንድ ናቸው። የእኛ ወጣት ካርዱን አገልግሎ የቆየ መኾኑን እያወቀ ሲገዛ ሻጩ ምን ይሠራበት እንደ ነበረ አልነገረውም፤ እርሱም አልጠየቀም። ዛሬ የሚያሠቃየው ያ ዝምታ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በእርሱ ላይ የተሠራውን እርሱ ለሚቀጥለው ያሳልፈውን? ወይስ ሰንሰለቱ በእርሱ ዘንድ ይቈረጥ?

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር፥ ወደ እናቱ ሕክምና እንመለስ። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያልፍ ሰካኪ ሰው የችግርን ጣዕም ያልቀመሰ ነው። እናትን መርዳት ከታላላቅ ግዴታዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ማን ከፍሎ ይርዳ? ነውሩ ተደብቆ ቢሸጥ የእናቲቱን ሕክምና የሚከፍለው ያ ገዢ ነው፤ እርሱም መክፈሉን አያውቅም። እርሱም ምናልባት ተማሪ ነው፤ ገንዘቡንም ወንድሙ ከስደት ልኮለት ይኾናል፤ እርሱም እናት አለችው። ሰውን ለምጽዋት መጠየቅ የተፈቀደ ነው፤ ሰውን ሳያውቅ ምጽዋት ማስከፈል ግን ምጽዋት ሳይኾን ዝርፊያ ነው። የታመመች እናት ዕዳ በእኛ ላይ ነው፤ ነገሩን በሰማነው፥ በጎረቤቶቿና በመስጊዷ ጀማዓ ላይ ነው። እኛ ዝም ብለን፥ ያን ወጣት «እውነቱን ተናገር» ብለን ብቻ ብንሰደው ከሸክሙ ሁሉ ከባዱን ለእርሱ ትተን ቀላሉን ምክር ለራሳችን መውሰዳችን ነው።

እንግዲህ አገልግሎ የቆየ ኮምፒዩተር የሚሸጥ ሰው ሊናገረው የሚገባው ምንድን ነው? ባጭሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ ሻጩ ራሱ ያየውን ነውር፥ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚታይ ጨምሮ ይናገር። «አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል» ማለት አይበቃም፤ «ከባድ ሥራ ላይ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል» ይበል።

ሁለተኛ፤ የእያንዳንዱን ክፍል ዕድሜና የመጣበትን ይናገር፤ አዲስ የተገዛውንና አገልግሎ የተገዛውን ይለይ። ዲስክ የሠራበትን ሰዓት ራሱ ይመዘግባልና ያን ለገዢው ያሳየው።

ሦስተኛ፤ ነገ የሚመጣውን ጒድለትም አይደብቅ። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ዓ.ም. ተፈጽሟል፤ ብዙ አሮጌ ፕሮሰሰሮችንም ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበላቸውም። ይህን የማያውቅ ገዢ ብዙ ዓመት የሚያገለግል መስሎት ይገዛል።

አራተኛ፤ በዋጋው አይማል። በሽያጭ ላይ መሐላን ማብዛት ዕቃውን ቢያሸጥም በረካን እንደሚያጠፋ ነቢያችን አስተምረዋል። ጓደኛውንም እንደ ሌላ ገዢ አስመስሎ ዋጋ እንዲያስጨምርለት አያቁም፤ ይህም የተከለከለ ነው።

አምስተኛ፤ ለገዢው በቂ የመፈተሻ ጊዜ ይስጠው። ነውሩ የሚታየው በአንድ ሰዓት ከኾነ ሁለት ሰዓት ያስፈትሸው።

ከዚህ ሁሉ ሌላ አንድ የተረሳ ግዴታ አለ፤ እርሱም ለገዢው ሳይኾን ለሌሎች ሰዎች ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ የቤተ ሰብ ሥዕሎች፥ የወዳጆች ደብዳቤዎች፥ የሰዎች ምስጢር አለ፤ ይህ ሁሉ አማና ነው። ፋይልን ማጥፋት ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው የቦታውን ምልክት ነው፤ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በዲስኩ ላይ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ሁለት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ባሳተሙት ጥናት 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ገዝተው መረመሩ፤ ከሚሠሩት 129 ውስጥ በአግባቡ ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሻጭ ሳጥኑን ከማስረከቡ በፊት ዲስኩን በተገቢው ማጥፊያ ያጽዳ፤ ካልተቻለውም ዲስኩን አውጥቶ ያስቀርና ይህንኑ ለገዢው ይንገረው። የሌላውን ሰው ምስጢር ከአሮጌ ብረት ጋር የሸጠ ሰው ያልተሰጠውን ነገር ሸጧል።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ይህን ሁሉ ከነገርሁት በኋላ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ቆየና፥ «ቢሄድብኝስ?» አለኝ። እኔም፥ «ሊሄድ ይችላል፤ አይሄድም ብዬ ቃል አልገባልህም» አልሁት። እውነት ሁልጊዜ በዚህ ዓለም ትርፍ ታመጣለች ብሎ የሚያስተምር ሰው እውነትን በትርፍ የሚሸጥ ነውና። ኢማም አቡ ሐኒፋ በኩፋ የልብስ ነጋዴ ሳሉ ባልንጀራቸው ነውር ያለበትን ልብስ ነውሩን ሳይናገር ስለ ሸጠ፥ ገዢውም ስላልታወቀ፥ የዚያን ሽያጭ ገንዘብ ሁሉ ምጽዋት አድርገው እንደ ሰጡ ይተረካል። በዚያ ቀን ያተረፉት ምንም ገንዘብ አልነበረም።

ወጣቱም በማግሥቱ ተናገረ፤ ገዢውም ሄደ። ከቀናት በኋላ ሌላ ሰው መጣ፤ ሥራው ጽሑፍ መጻፍ ብቻ ነበርና ከባድ ግራፊክስ አላስፈለገውም። ካርዱን ነውረኛ መኾኑን ዐውቆ፥ ከመጀመሪያው በብዙ ባነሰ ዋጋ ገዛው። ገንዘቡ ለሕክምናው አልበቃም፤ የጎደለውን ከጀማዓው መካከል የሰሙ ሰዎች ከፊሉን ሞሉ፥ ከፊሉንም ወጣቱ ተበደረ። ዕዳው ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተከፈለም። ነገር ግን ከዚህ ነገር አንድ የተረዳሁት አለ፤ ለአንዱ ነውር የኾነው ለሌላው ነውር ላይኾን ይችላል፤ ዕቃው ለሚጠቅመው ሰው ሊደርስ የሚችለው ግን ነውሩ ሲነገር ብቻ ነው። የተደበቀ ነውር ግን ሁልጊዜ በማይገባው ሰው እጅ ይወድቃል።

አንባቢ ወንድሜ ሆይ! አንተም ዛሬ ወይም ነገ አንድ አሮጌ ነገር ትሸጣለህ። ያን ጊዜ በአንተና በገዢው መካከል ያለችውን ያችን ትንሽ ዝምታ አስባት። ገዢው አይሰማትም፤ ጎረቤትህም አይሰማትም። ልቦችን የሚያውቀው ጌታ ግን ይሰማታል። ምስክር በሌለበት ስፍራ ምስክር ኹን፤ ያልተጠየቅኸውንም ተናገር።

አላህ ሐላሉን ወድደን እንድንበቃበት፥ ሐራሙንም ጠልተን እንድንርቀው ያድርገን፤ ለተቸገሩትም እውነትን የሚያቀልላቸውን ወንድም ይስጣቸው። አሚን።